የአቮካዶ አበባ የጎረቤት ጉዳይ ነው

በሐይቅ ዳር ጓሮ አቮካዶ ለሚያለሙ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለልማት ሠራተኞች የቀረበ አስተያየት

መግቢያ

አቮካዶ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ ለምለም ሆኖ የሚኖር፣ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ የሞቃት አገር ዛፍ ነው። ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 እንደሆነና በመጀመሪያ በሂርናና በወንዶ ገነት በግል አልሚዎች እንደተተከለ ተመዝግቧል። ዛሬ በሲዳማ፣ በወላይታ፣ በጅማ፣ እንዲሁም በጣና ሐይቅ ዙሪያ ባሉ ጓሮዎች ከቡናውና ከማንጎው ጎን የማይታይበት ስፍራ ጥቂት ነው። ፍሬው በቤት ይበላል፤ በከተማ ጁስ ቤቶች ይፈለጋል፤ በይርጋለምም ዘይቱን ለይቶ ማውጣት ተጀምሯል። በመሆኑም አንድ ቤተሰብ ከጓሮው ጥግ በሚያቆማቸው ሁለትና ሦስት ዛፎች የልጆቹን ደብተርና ልብስ የሚሸፍንበት ጊዜ አለ።

ይሁን እንጂ ለልማት ሠራተኛው ደጋግሞ የሚቀርብለት አንድ አቤቱታ አለ። ይኸውም «ዛፉ አምሮ አድጓል፤ አበባውም ቅጠሉን እስኪሸፍን ይወጣል፤ ፍሬው ግን ከጣት ቁጥር አያልፍም» የሚል ነው። የተለመደው መልስ ፍግ ጨምሩ፣ ውኃ አጠጡ፣ ማዳበሪያ አድርጉ የሚል ነው። ይህ መልስ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጉድለቱ ያለው ከአጥሩ ወዲያ ነው። አንዱ ጓሮ ፍሬ እንዲይዝ ከጎረቤቱ ጓሮ የሚመጣ የአበባ ዱቄት ያስፈልገዋል፤ አንዱ ጓሮ እንዳይበሰብስ ደግሞ ከጎረቤቱ ጓሮ የሚመጣ ውኃ መከልከል አለበት።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። በሐይቅ ዳር መንደር የአቮካዶ ተከላ በየቤተሰቡ ችግኝ በማደል ብቻ ሊካሄድ አይገባውም። ተከላውን የኅብረት ሥራ ማኅበሩ እንደ አንድ የጋራ ማሳ አይቶ ሊያቅደው ይገባል። ለምን እንደሆነ ከዚህ በታች እናስረዳለን።

የአበባው ጠባይ

የአቮካዶ አበባ አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ስፋቱም ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ትንሽ አበባ ነው። በእያንዳንዱ አበባ ውስጥ ወንዴውም ሴቴውም አካል ይገኛሉ። ይህን ያየ ሰው ዛፉ ራሱን በራሱ የሚያስረግዝ ሊመስለው ይችላል። ተፈጥሮው ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱ አካላት በአንድ ሰዓት ሥራ ላይ አይገኙም።

አበባው በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ይከፈታል። በመጀመሪያው ቀን ሲከፈት ሴት ነው፤ በመካከል ያለው የሴቴ አካል ነጣ ብሎና አብረቅርቆ ዱቄት ለመቀበል ይዘጋጃል፤ ዙሪያውን ያሉት ወንዴዎች ግን ወደ ውጭ ተኝተው ዱቄታቸውን አይለቁም። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይዘጋል። በማግሥቱ ሲከፈት ወንድ ሆኖ ነው፤ ወንዴዎቹ ቀጥ ብለው ቆመው ዱቄታቸውን ይለቃሉ፤ የሴቴው ጫፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ጠቁሯል። ከዚህ በኋላ አበባው ለመጨረሻ ጊዜ ይዘጋል።

የአቮካዶ ዝርያዎች በዚህ ሰዓት አጠባበቃቸው በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ለአያያዝ እንዲመች «ሀ» እና «ለ» እንበላቸው።

«ሀ» የምንለው ወገን አበባው ጧት ሴት ሆኖ ይከፈታል፤ በማግሥቱም ከሰዓት በኋላ ወንድ ሆኖ ይከፈታል። ሃስ፣ ፒንከርተንና ሪድ የተባሉት ከዚህ ወገን ናቸው።

«ለ» የምንለው ወገን አበባው ከሰዓት በኋላ ሴት ሆኖ ይከፈታል፤ በማግሥቱም ጧት ወንድ ሆኖ ይከፈታል። ፉዌርቴ፣ ኤቲንገር፣ ቤከንና ናባል ከዚህ ወገን ይቆጠራሉ።

እንግዲህ ሁለቱ ወገኖች ጎን ለጎን ቢቆሙ ጧት የ«ለ» ዱቄት ለ«ሀ» ሴቶች ይደርሳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የ«ሀ» ዱቄት ለ«ለ» ሴቶች ይደርሳል። ሰፈሩ ሁሉ «ሀ» ብቻ ከሆነ ግን ጧት ሁሉም ሴት፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወንድ ይሆናል። የደረሰ ዛፍ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚደርስ አበባ ሊያወጣ ይችላል፤ ከዚህም ውስጥ ለፍሬ የሚበቃው በተሻለ ሁኔታ እንኳ ከሺህ አንድ ገደማ ነው። ይህ ጥቂት ዕድል በሰዓት አለመገጣጠም ሲቀነስ የሚቀረው ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

«ሃስ ብቻውን ያፈራል» ለሚሉ

አንዳንድ ባለሙያዎች በዚህ አይስማሙም። ሃስ ብቻውን ተተክሎ የሚያፈራባቸው እርሻዎች እንዳሉ ይናገራሉ፤ እውነትም አሉ። የአየሩ ሙቀት ሲለዋወጥ የአበባው ሰዓት ይዛባል፤ በአንድ ዛፍ ላይ የሴትነትና የወንድነት ጊዜ ለጥቂት ሰዓት ይደራረባል፤ በዚያች ሰዓት ንብ ካለ ፍሬ ይያዛል። ስለዚህ ሃስ ብቻውን ቢተከል ከቶ አያፈራም ማለት ስሕተት ይሆናል።

ነገር ግን በመደራረብ ላይ ብቻ መተማመን በዕድል ላይ መተማመን ነው። የጣና ሐይቅ ዳርቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሐይቁ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ያለዝባል፤ ሆኖም ሰማዩ ደመና በለበሰና ሌሊቱ በበረደ ሰሞን የአበባው ሰዓት ወደ ኋላ ይጎተታል፤ ጧት መከፈት የነበረበት ከሰዓት በኋላ ሊከፈት ይችላል። መዛባቱ አንዳንድ ቀን ይጠቅማል፤ አንዳንድ ቀን ይጎዳል። ከሁለቱም ወገን ዛፎች ያሉበት መንደር ግን በየትኛውም ቀን ዱቄት የሚሰጥና ዱቄት የሚቀበል አበባ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። በእስራኤል የአቮካዶ እርሻዎች ሃስን ከኤቲንገር ጋር ቀላቅሎ መትከል የተለመደ ሲሆን፣ ሃሱ ከኤቲንገሩ በራቀ ቁጥር ምርቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ በጥናት ታይቷል። ትልቅ ማሳ ያለው አልሚ ለዚህ ነገር ረድፍ ከሰጠ፣ ሦስት ዛፍ ብቻ ያለው ገበሬ የበለጠ ሊያስብበት ይገባል። ለዚህ ገበሬ የአንድ ዛፍ መክሸፍ የምርቱ ሲሶ ነው።

አሮጌ ዛፎችን ሁሉ አንለውጥ

በየመንደሩ ከዘር የበቀሉ አሮጌ የአቮካዶ ዛፎች አሉ። ቁመታቸው የረዘመ፣ ፍሬያቸው አንዱ ከአንዱ የማይመሳሰል፣ ለገበያም የማይመቹ ሆነው ይታያሉ። አቮካዶ ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም፤ እያንዳንዱ ዘር አዲስ ዝርያ ነው። ዛሬ በዓለም ገበያ የገነነው ሃስ ራሱ በካሊፎርኒያ ሩዶልፍ ሃስ የተባለ የፖስታ አዳይ በጓሮው ከተከለው ዘር በአጋጣሚ የተገኘ ነው። ሰውየው ችግኙን በሌላ ዝርያ ለማዳቀል ሞክሮ ስላልያዘለት ሊቆርጠው አስቦ ነበር፤ ትቶት ቢያድግ ፍሬው ተወደደለትና እ.ኤ.አ. በ1935 በስሙ አስመዘገበው። በዓለም ላይ ያለው የሃስ ዛፍ ሁሉ ከዚያች አንዲት ዛፍ ቀንበጥ እየተወሰደ የተዳቀለ ነው። እናቲቱ ዛፍ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ አንድ ዓይነት ፍሬ ለገበያ ለማቅረብ የተዳቀለ ችግኝ ያስፈልጋል። የተዳቀለው በ3 ወይም በ4 ዓመት ማፍራት ሲጀምር ከዘር የበቀለው 7 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ የተዳቀሉት ሃሶች ሁሉ የአንዲት ዛፍ አካል በመሆናቸው ጠባያቸውም አንድ ነው፤ ሁሉም «ሀ» ናቸው።

በአንዳንድ ስፍራ አሮጌዎቹን ዛፎች ከወገባቸው ቆርጦ በሃስ ቀንበጥ መለወጥ እንደ ጥሩ ዘመቻ ይታያል። ሥራው ራሱ መልካም ነው። ዛፉ ሥሩ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ ያፈራል፤ ቁመቱም ለለቀማ ይመቻል። ጉዳቱ የሚመጣው ዘመቻው ያለ ልዩነት ሲካሄድ ነው። ከዘር ከበቀሉት አሮጌ ዛፎች መካከል ሳይታወቅ «ለ» ሆነው ለመንደሩ ሁሉ ዱቄት ሲያድሉ የኖሩ ይኖራሉ። እነዚህን ቆርጦ በሃስ የለወጠ የልማት ሠራተኛ በሪፖርቱ ላይ የተለወጡ ዛፎችን ቁጥር ከፍ ያደርጋል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን የመንደሩን ፍሬ ዝቅ ያደረገው እርሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጋዙ ከመነሣቱ በፊት ዛፉ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይታወቅ።

የዛፉን ወገን እንዴት እንለያለን?

ለዚህ ሥራ መሣሪያም ላቦራቶሪም አያስፈልግም። ዐይንና ሰዓት በቂ ነው። የልማት ሠራተኛው ከማኅበሩ ሁለት ወጣቶችን ይዞ በአበባ ወራት እንደሚከተለው ያካሂደዋል።

1. ሰማዩ የጠራበትንና ሙቀት ያለበትን ሰሞን ይመርጣል፤ በደመናና በብርድ ቀን የታየ አበባ ያሳስታል።

2. ጧት በ3 ሰዓት ገደማ በየዛፉ እየዞረ የተከፈቱትን አበቦች ያያል። ወንዴዎቹ ተኝተው የሴቴው አካል በመካከል ብቻውን ቆሞ የሚያብረቀርቅ ከሆነ አበባው ሴት ነው። ወንዴዎቹ ቆመው ጣት ሲነካቸው ቢጫ ዱቄት የሚሰጡ ከሆነ ወንድ ነው።

3. ከቀኑ በ9 ሰዓት ገደማ ተመልሶ እነዚያኑ ዛፎች ያያል።

4. ይህንኑ ለ3 ቀን ይደግማል። በጧት ሴት፣ በ9 ሰዓት ወንድ ሆኖ የተገኘው ዛፍ «ሀ» ነው። በጧት ወንድ፣ በ9 ሰዓት ሴት ሆኖ የተገኘው «ለ» ነው።

5. በ«ሀ» ግንድ ላይ ቀይ፣ በ«ለ» ግንድ ላይ ነጭ ምልክት ይቀባል። ውጤቱን በመንደሩ ንድፍ ላይ ያሰፍራል።

ይህ ንድፍ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል። የትኛው ሰፈር ነጭ ምልክት እንደሌለው፣ የትኛው አሮጌ ዛፍ መጠበቅ እንዳለበት፣ አዲስ ችግኝ የት መተከል እንደሚገባው ወዲያው ይታያል።

ለማን ይትከል?

በአጠቃላይ ለ8 የሃስ ዛፍ አንድ የ«ለ» ዛፍ ይበቃል። ችግሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። እንበል ሦስት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ዛፍ የሚተክሉበት ቦታ አላቸው። ዘጠኙ ዛፎች አንድ የ«ለ» ዛፍ ይፈልጋሉ። ያን ዛፍ በጓሮው የሚተክለው ማን ነው? የ«ለ» ዝርያዎች ብዙዎቹ ሲበስሉ ቅርፊታቸው አረንጓዴ እንደሆነ የሚቀርና ለረጅም ጉዞ እንደ ሃስ የማይመቹ ስለሆኑ፣ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ አይመርጣቸውም። አንዱ ጎረቤት ዱቄት የሚሰጥ ዛፍ ይዞ ሁለቱ የሚሸጥ ፍሬ ቢሰበስቡ ፍትሕ አይደለም። ይህን የሚያውቅ ገበሬ «ለእኔም ሃስ ስጡኝ» ቢል አይፈረድበትም።

ማኅበር የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ የ«ለ»ን ዛፍ ሸክም ማኅበሩ ቢካፈለው ለማንም አይከብድም። ሦስት መንገድ ማሰብ ይቻላል።

የመጀመሪያው፣ የ«ለ»ን ዛፍ ለሚተክል አባል ማኅበሩ በሌላ ጥቅም ማካካስ ነው። ተጨማሪ የተዳቀለ ችግኝ በነፃ ቢሰጠው፣ ወይም ከጎረቤቶቹ የሃስ ሽያጭ ላይ በስምምነት የተወሰነ ድርሻ ቢደርሰው ቅር አይለውም። ፍሬውንም ማኅበሩ ሰብስቦ በአቅራቢያው ከተማ ላሉ ጁስ ቤቶች ሊያቀርብለት ይችላል። የባሕር ዳርም ሆነ የሐዋሳ ጁስ ቤት ስፕሪስ ሲሠራ ስለ ቅርፊቱ ቀለም አይጨነቅም።

ሁለተኛው፣ የጋራ ቦታን መጠቀም ነው። የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያ፣ የገበሬ ማሠልጠኛ ግቢ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ዙሪያ በመንደሩ መካከል የሚገኝ ከሆነ የ«ለ» ዛፎች በዚያ ቢቆሙ ለሁሉም ዱቄት ያድላሉ። ነገር ግን ርቀት ሲጨምር ጥቅሙ ስለሚቀንስ ይህ መንገድ የሚሠራው ለግቢዎቹ አጎራባች ለሆኑ ጓሮዎች ብቻ ነው።

ሦስተኛው፣ በአንድ የሃስ ዛፍ ላይ አንድ የ«ለ» ቅርንጫፍ ማዳቀል ነው። በዚህ መንገድ ማንም ዛፍ አያጣም። ሆኖም ቅርንጫፉ በደንብ ካልተመለከተ ሲገረዝ በስሕተት ይቆረጣል፤ ካልተገረዘም ሌላውን ሊበልጠው ይችላል። ስለሆነም በነጭ ቀለም ምልክት ሊደረግበትና የቤቱ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

በጸሐፊው አስተያየት ቦታ በጠበበበት ሐይቅ ዳር ሦስተኛው መንገድ ለዛሬ ይመቻል፤ አዲስ ለሚተከለው ግን የመጀመሪያው የተሻለ ነው። ዋናው ነገር ውሳኔው ችግኙ ከመታደሉ በፊት በጠቅላላ ጉባኤ ተመክሮበት በቃለ ጉባኤ መያዙ ነው።

ሥሩም የጎረቤት ጉዳይ ነው

ከላይ የተነገረው ሁሉ የሚጠቅመው ዛፉ በሕይወት ካለ ነው። በሐይቅ ዳር አቮካዶን የሚገድለው ዋናው ነገር ውኃ ነው፤ ድርቅ ሳይሆን የተኛ ውኃ። የአቮካዶ ሥር ጥልቅ አይሄድም፤ ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኛዎቹ በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ናቸው። አፈሩ ውኃ ሲቋጥር ሥሩ አየር ያጣል፤ ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ የተባለው የሥር አበስብስ ተሕዋስም ይነሣበታል። የዚህ ተሕዋስ ዘር በእርጥብ አፈር ውስጥ በውኃ እየዋኘ ከሥር ወደ ሥር ይተላለፋል።

ምልክቱ ከላይ ይጀምራል። ቅጠሉ ያንሳል፣ ይገረጣል፤ የቅርንጫፉ ጫፍ ይደርቃል፤ አፈሩ ሲገለጥ ቀጫጭኑ ሥር ጠቁሮ ሲነካ ይሰበራል። በሽታው የያዘው ዛፍ አንዳንድ ጊዜ ከሌላው የበለጠ አበባና ብዙ ጥቃቅን ፍሬ ያወጣል። ገበሬው በዚህ ሊደሰት ይችላል፤ ዛፉ ግን እየሞተ ነው። ስለዚህ አበባ መብዛቱ ብቻ የጤንነት ምልክት ተደርጎ አይወሰድ።

በጣና ዙሪያ የሐይቁ ውኃ ከክረምቱ በኋላ፣ በመስከረም ገደማ ከፍ ይላል፤ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል። በግንቦት ደረቅ ሆኖ የታየ ጓሮ በመስከረም ውኃው ከመሬቱ በታች በቅርብ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የተከላ ቦታ መመረጥ ያለበት በመስከረም ነው። 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈር፤ በማግሥቱ ይታይ። ውኃ ከመነጨበት፣ ወይም የፈሰሰበት ውኃ በአንድ ቀን ካልሰረገ፣ ያ ቦታ ለአቮካዶ አይሆንም። እንደ ፎገራ ሜዳ ያለ ዋልካ መሬት ለሩዝ ይሁን፤ ደንገል የበቀለበት ረግረግም ለአቮካዶ ተብሎ አይመንጠር። ቀይ አፈርና ተዳፋት ያለው ስፍራ ግን ይስማማዋል።

መካከለኛ በሆነ ቦታ ችግኙ ከመሬት ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ይተከል። የጉብታው ከፍታ ግማሽ ሜትር፣ ስፋቱ እስከ 2 ሜትር ቢሆን መልካም ነው። የተዳቀለበት ስፍራ አፈር እንዳይለብስ ይጠበቅ። ዙሪያው በገለባ፣ በቡና ገለፈትና በደረቀ ቅጠል ይጎዝጎዝ፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ። እርጥብ እምቦጭን ከሐይቁ አምጥቶ መጎዝጎዝ ግን አረሙን ወደ ቦዮችና ወደ ኩሬዎች ማዛመት ስለሚሆን አይመከርም።

የጎረቤት ነገር እዚህም ይመጣል። ከላይኛው ጓሮ የሚወርድ የጎርፍ ቦይ በታችኛው ጓሮ ዛፍ ሥር ቢያልፍ በሽታውንም ይዞ ያልፋል። አንዱ ጉብታ ሠርቶ ሌላው ውኃውን ወደ እርሱ ቢለቅ ድካሙ ከንቱ ነው። በመሆኑም የማጠንፈፊያ ቦይ በአጥር ሳይወሰን ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ሊቀየስ ይገባዋል። በሽታ ከታየበት ጓሮ አፈር፣ ችግኝ፣ ያልታጠበ ዶማና አካፋ ወደ ሌላው አይሂድ። ችግኝ ጣቢያውም የሚጠቀምበትን አፈር ከታመመ ዛፍ ሥር አያምጣ፤ ከረጢቶቹንም ውኃ በሚተኛበት መሬት ላይ አይደርድር። አንድ የታመመ ችግኝ ጣቢያ በአንድ ክረምት ለመቶ ጓሮ በሽታ ሊያድል ይችላል።

ንብን የሚገድል የራሱን ፍሬ ይገድላል

የአቮካዶ ዱቄት ተጣባቂ በመሆኑ ነፋስ በደንብ አያጓጉዘውም። አጓጓዡ ንብና ሌሎች አበባ ጎብኚ ነፍሳት ናቸው። ለዚህ የአገራችን ገበሬ የታደለ ነው፤ ቀፎ መስቀል ያውቃል። በአበባ ወራት ቀፎ ለጓሮዎቹ ቀረብ ብሎ ቢቀመጥ ማሩም ፍሬውም ይገኛል።

ዳሩ ግን በባሕር ዳር ዙሪያና በመሰል አካባቢዎች ጫትና አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች ፀረ-ተባይ መድኃኒት ይረጫሉ። በአበባ ሰዓት የተረጨ መድኃኒት የሚገድለው የረጪውን ተባይ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቱንም ንብ ይገድላል። መድኃኒት የረጨው አንድ ሰው፣ ቀፎው ባዶ የቀረበት ሌላ ሰው፣ አቮካዶው ፍሬ የነሣው ሦስተኛ ሰው ሆኖ ይገኛል፤ ሦስቱም የአንድ ማኅበር አባላት ሊሆኑ ይችላሉ። ማኅበሩ መርጨትን ፈጽሞ ባይከለክል እንኳ ሦስት ደንብ ሊያወጣ ይችላል፦ ያበበ ዛፍና ያበበ አረም ላይ አለመርጨት፤ የግድ ከሆነ ንብ ወደ ቀፎው ከተመለሰ በኋላ፣ ምሽት ላይ መርጨት፤ ከመርጨቱ አንድ ቀን አስቀድሞ ለንብ አናቢዎች ማስታወቅ።

ለልማት ሠራተኞች የሚቀርብ ማሳሰቢያ

የልማት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «ስንት ችግኝ አደልህ?» ተብሎ ነው። ጥያቄው ቀላል ስለሆነ መልሱም ቀላል ነው። ችግኝ ግን ፍሬ አይደለም። ከዚህ በኋላ በሐይቅ ዳር መንደር የሚሠራ ባለሙያ ሌሎች አራት ጥያቄዎችን ለራሱም ለኃላፊዎቹም ቢያቀርብ ይመረጣል።

አንደኛ፣ በመንደሩ ንድፍ ላይ ነጭ ምልክት የሌለው ሰፈር ስንት ነው? ሁለተኛ፣ ከተተከሉት ውስጥ በመስከረም የውኃ ፍተሻ ያለፈ ቦታ ላይ የቆሙት ስንቱ ናቸው? ሦስተኛ፣ የማጠንፈፊያው ቦይ ከላይኛው ጓሮ እስከ ታችኛው ተያይዟል ወይስ በአጥር ላይ ተቋርጧል? አራተኛ፣ ከአራት ዓመት በፊት ከተተከሉት ዛፎች ዘንድሮ ፍሬ የያዙት ስንት ናቸው?

እነዚህን ለመመለስ በጀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጧት በ3 ሰዓትና ከቀኑ በ9 ሰዓት በጓሮው መገኘት፣ በመስከረም ጉድጓድ መቆፈር፣ ሦስት ጎረቤታሞችን በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጦ ማወያየት ነው።

ሰፊ ማሳ ያለው ባለሀብት ሃሱንም ኤቲንገሩንም፣ ቦዩንም ቀፎውንም በራሱ አጥር ውስጥ ማዘጋጀት ይችላል። የሦስት ዛፍ ባለቤት የሆነው ገበሬ ይህን ብቻውን ሊያደርግ አይችልም፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ግን ይችላል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከአባሎቻቸው ፍሬ ሰብስበው ለመሸጥ እንደሚደራጁ ሁሉ፣ ፍሬው እንዲያዝም ሊደራጁ ይገባል። ዘንድሮ ችግኝ ለመረከብ የተዘጋጀ ማኅበር ካለ፣ የመኪናው ጭነት ከመራገፉ በፊት በችግኞቹ ስም ዝርዝር ላይ የ«ለ» ዝርያ መኖሩን ይመልከት፤ ከሌለም ይጠይቅ።